የፊት ጥርስና የመንጋጋ ጥርስ

ተጅዊድ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ‹ሣ›፣ ‹ዛል› እና ‹ዟ› የተባሉት ሦስቱ ፊደላት መውጫቸው (መኽረጃቸው) አንድ ሥፍራ ነው። የምላስ ጫፍ ከላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ጫፍ ጋር ሲገናኝ ይወጣሉ። ‹ፋ›ም ያለ ላይኞቹ ጥርሶች አይሟላም። ይህን ለደረሶች ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ባለፈው ክረምት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው የእንጦጦ ዳገት ጭቃ አንሸራቶኝ ድንጋይ ላይ ስወድቅ ሁለቱንም የላይኛውን የፊት ጥርሶቼን አጣሁ። ወደ ማስተማሬ ስመለስ ትንንሾቹ ልጆች የኔን ፉጨት እንዳለ ተቀብለው ይደግሙት ጀመር። ልጅ የሚይዘው ከመምህሩ አፍ የሰማውን ነውና አልፈርድባቸውም። አንዱ የሰባት ዓመት ደረሳ «ኡስታዝ፣ ‹ሣ›ን እንደ ድሮው ነው ወይስ እንደ አሁኑ የምንለው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ገባኝ።

በውጭ አገር የሚኖር የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «አጎቴ፣ ኢምፕላንት ያስተክሉ፤ እንደ ተፈጥሮ ጥርስ ነው፣ አይወልቅም» ብሎ ለሁለት ጥርስ የሚበቃ ገንዘብ ላከልኝ። ለአንድ የመድረሳ መምህር ይህ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። ገንዘቡን ከመንካቴ በፊት ወሬው ቀደመኝ። ከመስጊድ ስንወጣ አንዱ ወንድም «ይህ የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይደለምን?» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ሰሓቦች ጥርሳቸው ወድቆ እንዲሁ ኖረዋል» አለ። ሁለቱም መልስ የሚፈልግ ንግግር ነውና ወደ ኪታቦቹ ተመለስኩ።

የሁለተኛው ወንድም ንግግር እውነትነት አለው። በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 625) በኡሑድ ዕለት የነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥርስ ተሰበረ፤ ከራስ ቁራቸው ቀለበቶችም ሁለቱ ጉንጫቸው ውስጥ ተሰኩ። አቡ ዑበይዳህ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ.) ቀለበቱን በእጅ መሳብ ነቢዩን እንዳያሳምማቸው ፈርተው በጥርሳቸው ነክሰው አወጡት፤ የራሳቸው የፊት ጥርስም አብሮ ወደቀ። ሁለተኛውን ቀለበት እንዲሁ ሲያወጡ ሁለተኛው ጥርስ ተከተለ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን የፊት ጥርስ ካጡ ሰዎች ሁሉ እንደርሳቸው ያማረ አልነበረም። እኚህ ሰው በዚያው አፋቸው በሻም የሙስሊሞችን ሠራዊት መርተው በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ በዐምዋስ ወረርሽኝ ወደ አኼራ ሄደዋል። እንግዲህ የጥርስ መጉደል ነውር አይደለም። ከዚህ ተነስቶ መተካቱ ነውር ነው ማለት ግን አይቻልም።

ዐርፈጃህ ኢብኑ አስዐድ የሚባሉ ሰሓባ ከእስልምና በፊት በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ነበር። ከብር አፍንጫ አሠሩ፤ ብሩ ሸተተባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ሐዲሡን አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል፤ ቲርሚዚ ከአንድ በላይ የሆኑ የዕውቀት ሰዎች ጥርሳቸውን በወርቅ እንዳሰሩ መወራቱንም ያያይዛሉ። ስለ ሦስተኛው ኸሊፋ ስለ ዑስማን (ረ.ዐ.)ም ይኸው ተዘግቧል። ልብ በሉ፤ ወርቅ ለወንድ ሐራም ነው፣ ቀለበቱ እንኳ አይፈቀድም። ለዐርፈጃህ የተፈቀደው ብሩ ስላስቸገራቸው ነው። በአንጻሩ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲሥ ለውበት ብለው ጥርሳቸውን እየሞረዱ ፍንጭት የሚያደርጉ ሴቶች ተወግዘዋል። ያ ሙሉውን ማጉደል ነው፤ የጎደለውን መመለስ ሌላ ነው። ለመጀመሪያው ወንድም መልሴ ይኸው ነበር። (በጤነኛ ጥርስ ላይ ለታይታ ወርቅ ማስለበጥ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ አንባቢ ይፍረድ።)

ፉቀሃዎች ደግሞ ነገሩን አርቀው ሄደውበታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ የተነቃነቀ ጥርስ በብር እንጂ በወርቅ እንዲታሰር አልወደዱም፤ ተማሪያቸው ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን በወርቅም ፈቀዱ። የወደቀ የራስ ጥርስ ወደ ቦታው ይመለሳልን? አቡ ሐኒፋ ይህን ጠልተው በሸሪዓ ከታረደ በግ ጥርስ ይወሰድ አሉ፤ አቡ ዩሱፍ የራሱ ከሆነ ምንም የለበትም አሉ። ኢማም ሻፊዒይ የወደቀ ጥርስ እንደ በክት ስለሚቆጠር አይመለስም ብለው ነበር፤ የኋለኞቹ የመዝሀቡ ዑለሞች ግን ከሰው የተለየ አካል ንጹሕ ነው የሚለውን አጸኑ። በዚሁ መዝሀብ ወርቅ ለአፍንጫ፣ ለጥርስና ለጣት ጫፍ ሲፈቀድ ለሙሉ ጣትና ለእጅ አልተፈቀደም። ምክንያቱ የወርቅ ጣት አይታጠፍም፣ ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ኪታቡን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ስጠይቅ የሰነበትኩት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም እያልኩ ነበር። እነርሱ ግን የሚጠይቁት ይህ ነገር ምን ይሠራል ብለው ነው።

ከኪታብ ወደ ሐኪሞች ስንሄድ በአንደሉስ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ936 ገደማ በቁርጡባ (ኮርዶባ) አጠገብ የተወለዱት እኚህ ሐኪም ‹አት-ተስሪፍ› የተባለውን ባለ 30 ክፍል መጽሐፍ ጽፈዋል። በመጨረሻው ክፍል የተነቃነቀ የፊት ጥርስ ከጤነኞቹ ጋር በወርቅ ክር እንዴት እንደሚታሰር ያስረዳሉ። ብር በጥቂት ቀን ይበላሻል፣ ወርቅ ግን ሳይለወጥ ይኖራል ይላሉ። ዐርፈጃህን ያስቸገረው ብር ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ያው ብር ነበር። የወደቀውን ጥርስ መልሶ ማሰር፣ ወይም ከከብት አጥንት ቅርጹን አስመስሎ ጠርቦ ማኖር እንደሚቻልም ጽፈዋል። መጽሐፋቸው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቶሌዶ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓውያን ተምረውበታል።

እኛ ዘንድስ? ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጡ፤ በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተሠራ። ሆኖም ሐኪም ከመጣም በኋላ ለብዙው ሕዝብ የጥርስ ሕክምና ማለት መንቀል ማለት ነበር፤ ቀድሞ በመንደር በጉጠት፣ ኋላም በማደንዘዣ። የእናቴ ጥርሶች የሄዱት እንዲሁ ነው። አንዱ ባመማት ቁጥር አንዱ እየተነቀለ፣ ስድሳ ዓመት ሳይሞላት አፏ ባዶ ሆነ።

አሁን የሚወራለት ኢምፕላንት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ሥር ነው፤ ጥርሱ በላዩ ይሠራል። ጅማሬው አስገራሚ ነው። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 አጥንት እንዴት እንደሚድን ለማጥናት በጥንቸል እግር ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ቢሞክር እምቢ አለው። አጥንቱ ብረቱን ይዞት አድጓል። በ1965 በጎተንበርግ ከተማ ጎስታ ላርሶን የሚባል ሰው በታችኛው መንጋጋው አራት ተተከሉለት፤ እስከሞተበት እስከ 2006 ድረስም አገልግለውታል። ቲታኒየም ወርቅም ብርም ስላልሆነ የጥንቱ ክርክር አይነካውም።

ክሊኒክ የሄድኩት ይህን ሁሉ አንብቤ፣ እናቴንም የሰው ሠራሽ ጥርሷን ለማስተካከል ይዣት ነው። ዶክተሯ አፌን አይታ፣ ራጅ አስነስታ፣ ሦስት መንገድ እንዳለ ነገረችኝ። አንደኛው የሚወልቅና የሚገባ ጥርስ ነው። ሁለተኛው ግራና ቀኝ ያሉትን ጤነኛ ጥርሶች ሞርዶ በእነርሱ ላይ ድልድይ ማሠራት ነው። ሦስተኛው ኢምፕላንት ነው። ነገር ግን በወደቅኩ ጊዜ ስስ የሆነው የፊት አጥንት ከጥርሱ ጋር ተሰብሯልና አስቀድሞ የአጥንት መሙያ ያስፈልጋል አለች። መሙያው ከምን እንደሚሠራ ጠየቅኋት። ከከብት፣ ከአሳማ፣ ከሰው የተገኘ ወይም በፋብሪካ የተሠራ ሊሆን እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረችኝ። ወንድሞችና እህቶች ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ እሺ እንዳይሉ አደራ እላለሁ። ሌላ ንጹሕ ነገር እያለ በአሳማ አጥንት መጠገን እንደማይፈቀድ የጥንት ፉቀሃዎች ጽፈውታል። ሲጋራ የሚያጨስ፣ ስኳሩም ያልተስተካከለ ሰው የተተከለው ሳይይዝለት ሊቀር እንደሚችል ጨምራ አስጠነቀቀች።

ከዚያ እናቴን አየቻት። የላይኛው ጥርሷ ላንቃዋን ስለሚሸፍን በደንብ ተጣብቆ ይቆያል። የታችኛው ግን ምላስ ያነሳዋል፣ አጥንቱም እያለቀ ስለሚሄድ ይንሳፈፋል። «ሰው ጥርስ አድርጎ ይበላል፤ እኔ ጥርሴን አውልቄ እበላለሁ» አለቻት እናቴ። ቤት ውስጥ ከፍትፍትና ከሾርባ በቀር እንደማትቀምስ እኔ አውቃለሁ። ዶክተሯ የታችኛውን መንጋጋ ዳስሳ፣ እዚህ ፊት ለፊት ያለው አጥንት በቂ ነው፣ ሁለት ኢምፕላንት ቢተከል ጥርሱ እንደ ልብስ ቁልፍ ጠቅ ብሎ ይያዛል አለች። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ሞንትሪያል የተሰበሰቡ የሙያው ሊቃውንት የታችኛው ድዱ ባዶ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ይኸው ይሁን ብለው ነበር። ሁለት። የእህቴ ልጅ የላከው ገንዘብም ለሁለት ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ የኢማም ማሊክን ‹ሙወጠእ› ገለጥኩ፤ የደም ካሳን ምዕራፍ። ዑመር (ረ.ዐ.) ለመንጋጋ ጥርስ አንድ ግመል ፈርደዋል፤ ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) አምስት ፈረዱ። ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ደግሞ እኔ ብሆን ሁለት ሁለት አደርግ ነበር ብለዋል። መርዋን ኢብኑል ሐከም ወደ ዐብደላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ሰው ልኮ ቢያስጠይቅ አምስት ግመል ነው ተባለ። መርዋን አልተዋጠለትም፤ የፊቱን ጥርስ ከመንጋጋ ጋር እኩል ታደርገዋለህን ብሎ መልሶ ላከ። ኢብኑ ዐባስ የጣቶችን ካሳ ተመልከት፣ ሁሉም እኩል ነው አሉ። የፊት ጥርስና መንጋጋ እኩል መሆናቸው በአቡ ዳውድ በተዘገበ ሐዲሥም ተነግሯል። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አስቀርቻለሁ፤ የመርዋን ጥያቄ የኔም ጥያቄ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። አያቱ ናትና ብዙ አላከራከረኝም። ያከራከረችን እርሷ ናት። «እኔ ከእንግዲህ የምበላው ስንት ቀን ነው? አንተ ቁርአን ታስቀራለህ፤ ላንተ ይሁን» አለች። ስንለምናት ሰንብተን እሺ ካለች በኋላም አንድ ጥያቄ ቀራት፤ «ስሞት ብረቱን ከአጥንቴ ያወጡታል እንዴ?» የሞተን ሰው አጥንት መስበር የሕያውን እንደመስበር መሆኑን በሐዲሥ እንደተነገረን፣ ስለዚህ ማንም እንደማይነካት ነገርኳት። ረመዷን ቀርቦ ስለነበር፣ ከቀዶው በኋላ በየሰዓቱ የሚወሰደው መድኃኒት ጾሟን እንዳያስፈታት ከዒድ በኋላ እንዲሆን አደረግን።

እኔ የሚወልቀውን አሠራሁ፤ ለጉስል ስታጠብ አወልቀዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አፌ በምራቅ ተሞላ፣ ‹ዟ›ም ከበደኝ። በሦስተኛው ሳምንት ያ ደረሳ ሱረቱል ከውሠርን አብሮኝ ቀርቶ ሲጨርስ «እንደ ድሮው ነው» አለ። እናቴ ተተክሎላታል፤ ብረቱ ከአጥንቱ እስኪዋሐድ ሦስት ወር ጠብቁ ተብለናል፣ አንድ ወር ቀርቷታል። ከወዲሁ ገብስ ቆልታ በቆርቆሮ ከድና አስቀምጣለች። ዶክተሯ ብትሰማ ትቆጣለች።