ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ

ከ15 ዓመት ያነሰ አይገባም፤ ሠላሳ የሞላው ይወጣል። በፓሪስ፣ ከሴን ወንዝ ማዶ ከሉቭር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት በሚገኘው ኤኮል ዴ ቦዛር አርክቴክቸር መማር የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሚጠየቀው ዕድሜውን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቀረው መስፈርት ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለሚልክ የዛሬ ወላጅ ግር የሚያሰኝ ነው። በስንት ዓመት እንደሚመረቁ የተቆረጠ ነገር የለም። ክፍል ገብቶ ስም ማስጠራት ግድ አይደለም። ለትምህርቱ የሚከፈል ገንዘብም የለም፣ ለውጭ አገር ሰው እንኳ። ተማሪው ውድድር ይገባል፣ ነጥብ ያጠራቅማል፣ ነጥቡ ሲሞላለት ከሁለተኛው ክፍል ወደ አንደኛው ያልፋል። ካልሞላለትም ማንም አያባርረውም፤ የሠላሳኛ ዓመት ልደቱ መጥቶ ያስወጣዋል።

ጁሊያ ሞርገን በ1896 ፓሪስ ስትገባ 24 ዓመቷ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዳ ኦክላንድ ያደገች፣ ከሁለት ዓመት በፊት በበርክሌ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና የተመረቀች ወጣት ናት። ምሕንድስና ያጠናችው ዩኒቨርሲቲው በጊዜው የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍል ስላልነበረው ነው። ወደ ፓሪስ እንድትሄድ የመከራት በርናርድ ሜይቤክ የተባለ፣ ራሱም በቦዛር የተማረ አርክቴክት ነበር። ምክሩ መልካም ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። ትምህርት ቤቱ ሴት አይቀበልም።

ይህን በር ያስከፈቱት አርክቴክቶች አይደሉም። ቀራፂዋ ኤሌን ቤርቶ በ1881 የመሠረተችው የሴት ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ማኅበር ለዓመታት ሲጨቀጭቅ ቆይቶ በ1897 ትምህርት ቤቱ ሴቶችን ለመቀበል ተስማማ። ጁሊያ እስከዚያው አንድ ፈረንሳዊ አርክቴክት ዘንድ ስትሠራና ስትዘጋጅ ነበር። በሩ ሲከፈት ደግሞ ከበሩ ኋላ ፈተናው ቆሞ ጠበቃት።

ፈተናው የአንድ ቀን ጉዳይ አልነበረም። የእጅ ሥዕል አለ፣ በጭቃ ቅርጽ ማውጣት አለ፣ ሒሳብና ጂኦሜትሪ አለ፣ ታሪክ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሕንፃ ንድፍ አለ። ሁሉም በፈረንሳይኛ ነው፤ ልኩም በፉት ላደገች አሜሪካዊት በሜትር ነው። በየጊዜው በመቶ የሚቆጠሩ ይቀመጣሉ፣ የሚያልፉት ሠላሳ ያህል ናቸው። በመጀመሪያው ሙከራ አልሆነላትም። በሁለተኛው ጊዜ ውጤቷ ከፍ ቢልም ፈታኞቹ ሴት በመሆኗ ነጥቧን ዝቅ እንዳደረጉባት ለዘመድ በጻፈችው ደብዳቤ ገልጻለች። በ1898 መጸው ለሦስተኛ ጊዜ ተቀመጠች። 13ኛ ወጣች። ከእንግዲህ ነጥብ ቢቀንሱባትም ከዝርዝሩ ሊያወጧት አልቻሉም። የቦዛር የአርክቴክቸር ክፍል የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ ሆነች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን የንድፉን ፈተና እንየው፤ ከመግቢያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ተማሪውን የሚከተለው እሱ ነውና። ተማሪው ሎዥ በምትባል ጠባብ ክፍል ለ12 ሰዓት ይዘጋበታል። መጽሐፍ አይዝም፣ ሰው አያማክርም። የሚሰጠው አንድ ወረቀት ነው፤ ቲያትር ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም የውሃ ምንጭ ንደፍ የሚል። ቀኑ ሲያልቅ ኤስኪስ የሚባለውን የመጀመሪያ ንድፉን አስረክቦ ግልባጩን ይዞ ይወጣል። ከዚያ የወለል ፕላኑን፣ የቁርጥ ገጽታውን (ሴክሽን) እና የፊት ገጽታውን (ኤሌቬሽን) በቀለም አሳምሮ ለማጠናቀቅ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ለትልልቆቹ ሥራዎች ጊዜው ሁለት ወር ገደማ ነው። ታዲያ የመጨረሻው ሥራ በሎዥ ውስጥ ከተነደፈው ሐሳብ ፈቀቅ ካለ ዋጋ የለውም። የቱንም ያህል ቢያምር ከውድድር ውጭ ተብሎ ይጣላል።

እኔ ከትምህርት ቤቱ ደንቦች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። ጭካኔ አለበት፤ በመጀመሪያው ቀን የተሳሳተ ሁለት ወር ሙሉ ስህተቱን ሲያስጌጥ ይከርማል። ነገር ግን መሠረት የተጣለለት ቤትም እንደዚሁ ነው። ግንበኛው ግድግዳውን ካቆመ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ የሚል አርክቴክት ምን እንደሚደርስበት ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ንድፉን የሚያስተምረው ትምህርት ቤቱ ራሱ አልነበረም ቢባል ሐሰት አይሆንም። ተማሪዎች አቴሊዬ በሚባል የሥራ ቤት ተሰባስበው፣ ፓትሮን በሚሉት አንድ አርክቴክት ሥር ይሠራሉ። ነባሮቹ አዲሶቹን ያሳያሉ፤ አዲሶቹ የነባሮቹን ሥራ ያቀልማሉ፣ መስመር ያሰምራሉ፣ ይላላካሉ። እንደ ቅኔ ቤታችን ተማሪ ከተማሪ የሚማርበት ወግ ነው፤ መምህሩ መጥቶ ያርማል፣ ይሄዳል። ማስረከቢያው ሰዓት ሲደርስ ሥራው የሚጫነው በእጅ በሚገፋ ጋሪ ላይ ነበር። ጋሪው በፈረንሳይኛ ሻሬት ይባላል። ሳይጨርስ ሰዓት የደረሰበት ተማሪ ከጋሪው ጋር እየሄደ ያቀልማል። ስሙም ከዚያ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። ዛሬም በብዙ አገር አርክቴክቶች ለማስረከብ ሲጣደፉ ሻሬት ላይ ነን ይላሉ።

ጋሪው ከደረሰ በኋላ ዳኞቹ በዝግ ይሰበሰባሉ። ተማሪው አይገባም፣ አያስረዳም፣ አይከራከርም። ወረቀቱ ብቻውን ቆሞ ይፈረድበታል። የወረቀቱ ማማር ሚዛን የደፋውም ስለዚህ ይመስለኛል። የታሰበው ሕንፃ የት ቦታ እንደሚቆም፣ ስንት ብር እንደሚፈጅ፣ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ የለም። የቦዛር ተማሪዎች የነደፏቸው ቤተ መንግሥቶች ንጉሥ አልነበራቸውም። እርግጥ በሁለተኛው ክፍል ወራት የሚወስድ የግንባታ ጥበብ ውድድር ነበር፤ ዲፕሎማ የፈለገም አንድ ዓመት በሥራ ላይ ማሳለፍ ይጠበቅበታል። ክብሩ ግን የሥዕሉ ነበር።

ዲፕሎማው ራሱ ዘግይቶ የመጣ ነው። የትምህርት ቤቱ ሥረ መሠረት፣ የንጉሡ የአርክቴክቸር አካዳሚ፣ በ1671 ሲቆም ዲፕሎማ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተደነገገው በ1867 ነው። ከዚያ ወዲህም ቢሆን በፈረንሳይ አርክቴክት ነኝ ለማለት ዲፕሎማ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም፤ ይህ የተለወጠው በ1940 መጨረሻ ነው። አርክቴክቱ ኦገስት ፔሬ ቦዛር ተምሮ ዲፕሎማውን ሳይወስድ ወጣ። ሌላው አርክቴክት ለኮርቢዚዬ ጭራሹን አልተማረበትም፤ ዕድሜውን ሙሉም ሲነቅፈው ኖረ። ለብዙው ፈረንሳዊ ተማሪ ትልቁ ምኞት ዲፕሎማ ሳይሆን የሮም ሽልማት ነበር። ያሸነፈ በመንግሥት ወጪ ሮም፣ ቪላ ሜዲቺ ተቀምጦ ይማራል። ሽልማቱ ለቀራፂዎችም ነበርና ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ አሸናፊ አለ። አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ቆሞ የሚያየንን አንበሳ የሠራው ሞሪስ ካልካ በ1950 ይህንኑ ሽልማት ያገኘ ሰው ነው።

ጁሊያ የውጭ አገር ሰው በመሆኗ ሮም ለእርሷ ክፍት አልነበረም። እርሷን የያዛት ሌላ ነገር ነው። ከገባች ጊዜ ጀምሮ የቀራት ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ ሌላው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ጥር 20 ቀን 1902 ሠላሳ ይሞላታል። ሾስሚሽ በተባለ አርክቴክት አቴሊዬ ውድድር ከውድድር ተከታትላ ሠርታ፣ በመጨረሻ በነደፈችው ቲያትር በ1902 መጀመሪያ የምስክር ወረቀቷን ያዘች። ከበር ውጭ ስታንኳኳ የጠፋው ጊዜ ይመለስልኝ ብትል የሚሰማት አልነበረም። ሁለቱን ዓመት የወሰደባት ትምህርት ቤቱ፣ ዕድሜሽ አለፈ የሚላትም ትምህርት ቤቱ ነበር።

ካሊፎርኒያ ተመልሳ በ1904 በዚያ ግዛት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት ሆነች፤ የራሷንም ቢሮ ከፈተች። በዚያው ዓመት ኦክላንድ በሚገኘው ሚልስ ኮሌጅ የደወል ግንብ አቆመች፤ በጊዜው ብዙዎች ባልለመዱት በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት። ሚያዝያ 18 ቀን 1906 የመሬት መንቀጥቀጥ ሳን ፍራንሲስኮን ሲያፈርስ ግንቡ ንቅንቅ ሳይል ቀረ። ሥራ ጎረፈላት፤ መንቀጥቀጡ ባስነሣው ቃጠሎ የተጎዳውን ፌርሞንት ሆቴል እንድትጠግንም የተመረጠችው እርሷ ነበረች። ቦዛር ያስተማራት የግንቡን መልክ ነው። ያቆመው ግን ቦዛር ከነጥብ ያልቆጠረው የበርክሌ ምሕንድስናዋ ነው ብል ፓሪስ አትቀየመኝም። እስክታርፍ ከ700 በላይ ሕንፃዎች ሠርታለች፤ በሳን ሲሚዮን ለጋዜጣ ባለቤቱ ለኸርስት የሠራችው ቤተ መንግሥት መሳይ መኖሪያ ብቻውን ከ1919 እስከ 1947 ቆይቷል። የሞተችው በ1957 ነው። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም ትልቁን የወርቅ ሜዳሊያ የሰጣት በ2014 ነው፤ ያንን ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም እርሷው ናት።

ቦዛርስ? በግንቦት 1968 ተማሪዎቹ ራሳቸው ተነሡበት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአርክቴክቸር ክፍሉ ፈርሶ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ተበተነ። የሮም ሽልማቱም አብሮ ቀረ። ልማዱ ግን ቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ነበር። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ1868 የመጀመሪያዎቹን የአርክቴክቸር ተማሪዎች ሲቀበል ዓይኑ ፓሪስ ላይ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መምህር ከዚያው አስመጣ።

የእኛ የዘር ሐረግ በሌላ በኩል ነው የሚመዘዘው። በ1954 አዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ከሥዕሉ ይልቅ ለግንባታውና ለዕቃው ምርመራ ያደላ ነበር። ይሁንና ዛሬ በአገራችን ስቱዲዮ ገብቶ የወጣ ሁሉ ጁሪ የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ሥራ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ መምህራን ይደረደራሉ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የእኛ ተማሪ ከሥራው አጠገብ ቆሞ ያስረዳል፣ ይጠየቃል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። የፓሪሱ በዝግ በር ኋላ ስለ ሥራው ምን እንደተባለ ሳይሰማ ነጥቡን ብቻ ያይ ነበር። ምርጫ ቢሰጠኝ የእኛውን እመርጣለሁ።

እና በቤትዎ የአርክቴክቸር ተማሪ ካለ፣ የጁሪዋ ሳምንት ስትደርስ ሳሎኑ በካርቶንና በማጣበቂያ ቢሞላ፣ መብራቱ እስከ ንጋት ቢበራ፣ አይቆጡ። ጋሪው ደጃፍ ቆሟል ማለት ነው።