የኤሌክትሮኒክ የጤና መረጃ ሥርዓትና የሕሙማን ደኅንነት በምዕራብ ጎጃም

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት የሕሙማንን መረጃ በወረቀት ካርድ ብቻ ከመያዝ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት በመሸጋገር ላይ ይገኛሉ። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ነበር። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት የየተቋሙን የሪፖርት አኃዝ ያሰባስባል፤ የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የየቤተሰቡን መረጃ በታብሌት እንዲመዘግቡ ያግዛል።

ሥርዓቱ የማይነበብ የእጅ ጽሑፍንና የካርድ መጥፋትን ይቀንሳል። ሆኖም የራሱን አደጋም ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ ለስድስት ሕሙማን እጅግ ከፍተኛ የጨረር መጠን የለቀቀ ሲሆን፣ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ የሶፍትዌር ጉድለት ነበር። በቀበሌ ጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ደረጃ ግን አደጋው በአብዛኛው የሚመነጨው ከቀላል ነገር፣ ማለትም ከስም፣ ከቀን፣ ከሰዓትና ከመጠን አመዘጋገብ ነው።

ስም

ኢትዮጵያውያን በቤተሰብ ስም ሳይሆን በአባትና በአያት ስም ይለያሉ። አንድ ስም ደግሞ በተለያየ ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለሰው አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ ይበዛል። በዚህ ምክንያት አንድ ታካሚ ሁለት መዝገብ ሊኖረው፣ በመጀመሪያው መዝገብ የተጻፈው የመድኃኒት አለርጂም በሁለተኛው ላይ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። የሁለት ሞክሼዎች መዝገብም ሊቀላቀል ይችላል።

ቀንና ዕድሜ

ብዙ ሶፍትዌሮች የተሠሩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን 15/02/2017 ተብሎ ሲመዘገብ፣ ሥርዓቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ከወሰደው ሕፃኑን 7 ዓመት ከ8 ወር ያህል ያስረጀዋል። የሕፃናት መድኃኒት የሚሰላው በክብደትና በዕድሜ ስለሆነ፣ ክብደቱ በሚዛን ካልተረጋገጠ ስህተቱ ከመጠን በላይ መድኃኒት ወደ መስጠት ሊያመራ ይችላል። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜም በአብዛኛው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሰዓት

ኮምፒዩተር 8፡00 ብሎ የሚያትመው የጧት ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ካልተብራራ መድኃኒቱ በስድስት ሰዓት ሊዛባ ይችላል።

የመድኃኒት ምርጫና መጠን

ባለሙያው መድኃኒትን ከዝርዝር ሲመርጥ በስም የሚመሳሰለውን አጎራባች መድኃኒት ሊነካ ይችላል። ሚሊግራምና ሚሊሊትር መምታታትም በሽሮፕ መድኃኒቶች ላይ የሚያጋጥም አደጋ ነው።

የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥ

ሥርዓቱ ሲቋረጥ ሥራው በወረቀት ይቀጥላል። በወረቀት የተያዘው በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ካልገባ የተሰጠ ክትባት ወይም መድኃኒት ያልተሰጠ መስሎ ይታያል፤ ሊደገምም ይችላል።

ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ ሲኬድ

ከገጠር ቀበሌ የመጣች ነፍሰ ጡር ክትትሏን በጤና ኬላ ጀምራ በጤና ጣቢያ በኩል ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ልትላክ ትችላለች። የተቋማቱ ሥርዓቶች ካልተገናኙ መረጃዋ ቀድሟት አይደርስም። ስለዚህ የሪፈር ወረቀቱ የሕክምናዋ አንድ አካል ነው።

ከተገልጋዮች የሚጠበቅ

• በምዝገባ ጊዜ ሙሉ ስምን ከነአያት፣ ዘወትር በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ማስመዝገብ፤ የቀድሞ የካርድ ቁጥር ካለ ማሳየት።
• የልደት ቀን ሲነገር «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መግለጽ፤ ቀኑ በትክክል ካልታወቀም ይህንኑ መናገር።
• ሕፃን ሲታከም ክብደቱ በዕለቱ መለካቱን ማረጋገጥ።
• የመድኃኒት አለርጂን፣ እርግዝናንና በመወሰድ ላይ ያለ መድኃኒትን በየክፍሉ ደግሞ መናገር፤ «ኮምፒዩተሩ ላይ አለ» ብሎ አለመተው።
• መድኃኒት ሲረከቡ የታካሚውን ስም፣ መጠኑንና የሚወሰድበትን ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ማስነገር፤ ማንበብ የማይችሉ ተገልጋዮች የሰሙትን ለፋርማሲ ባለሙያው መልሰው ቢነግሩ ስህተት ይታረማል።
• የክትባት ካርድን፣ የሪፈር ወረቀትንና የምርመራ ውጤትን አለመጣል።

ስህተት ሲገኝ

በመዝገብ ላይ ስህተት ያየ ተገልጋይ መድኃኒቱን ከመውሰዱ በፊት ለባለሙያው ማሳወቅ፣ መፍትሔ ካላገኘም ለተቋሙ ኃላፊ ማመልከት ይችላል። መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ ሕመም ከተሰማው ማሸጊያውን ይዞ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንኛውም ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማስታረም መብት እንዳለው ይደነግጋል። በመሆኑም «መዝገቤ ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ ባለሙያን መክሰስ ሳይሆን ሕግ የሰጠውን መብት መጠቀም ነው።