የፊዚክስ ዐዋቂው የፓተንት ጠበቃ

የፍጥረትን ጠባይ የሚመረምር ሊቅና ሕግን የሚተረጉም ጠበቃ ሥራቸው እጅግ የተራራቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሙያ አለ፤ ይኸውም የፓተንት ጠበቃነት ነው። ፓተንት አዲስ ነገር ለፈጠረ ሰው መንግሥት ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው መብት ነው፤ ፈጣሪውም በልዋጩ የሥራውን ምሥጢር በጽሑፍ ይገልጣል። ይህን ጽሑፍ የሚያሰናዳ ሰው የመሣሪያውን አሠራር ካላወቀ፣ ሕጉንም ካልተረዳ መብቱን ሊያስከብር አይችልም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን ነው። ካርልሰን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በፊዚክስ ተመርቆ፣ ኋላ በኒው ዮርክ በአንድ ኩባንያ የፓተንት ክፍል ሠራ። ቀን ጽሑፍ ሲያመሳክር ይውላል፤ ማታ ሕግ ይማራል። በሥራው ላይ የፓተንት ጽሑፍ ግልባጭ ዘወትር ይጎድል ነበር፤ በጽሕፈት መኪና እንደገና መምታት ወይም ፎቶግራፍ ማንሣት ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ችግሩን ያሳየው የሕግ ሥራው ነው፤ መፍትሔውን የፈለገው ግን በፊዚክስ ነው።

ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ዓ.ም. ከረዳቱ ከኦቶ ኮርናይ ጋር ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በመሐረብ አሽተው ኤሌክትሪክ አሳደሩበት። በመስተዋት ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ደርበውም ብርሃን አበሩበት። ብርሃን የነካው ቦታ ኤሌክትሪኩን አጣ፤ የፊደሉ ጥላ ያረፈበት ግን እንደ ያዘ ቀረ። ደቃቅ ዱቄት ቢነሰንሱበት ጽሑፉ ታየ፤ ሰም በተቀባ ወረቀትም ተገለበጠ።

ከዚህ በኋላ ከ20 የሚበልጡ ኩባንያዎች ብልሃቱን አንፈልግም አሉ። ካርልሰን ግን ማመልከቻውን ራሱ በሚገባ አሰናድቶ ስለ ነበር በ1942 ዓ.ም. ፓተንቱን አገኘ። በ1944 ዓ.ም. ባቴል የተባለው የምርምር ተቋም፣ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ኋላ ዜሮክስ የተባለው የሃሎይድ ኩባንያ ሥራውን ተቀበሉ። 914 የተባለው መሣሪያ በ1959 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲታይ የመጀመሪያው ፓተንት የ17 ዓመት ዘመኑን የሚፈጽምበት ዓመት ነበር። ሆኖም ማሻሻያዎቹ በሌሎች ፓተንቶች ተጠብቀው ስለ ነበር ድካሙ ያለ ዋጋ አልቀረም።

እንግዲህ ምርምር ብልሃቱን ወለደው፤ በእነዚያ የእምቢታ ዓመታት ለባለቤቱ ጠብቆ ያቆየው ግን ሕግ ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ፎቶኮፒ ባነሣን ቁጥር ይህን እናስታውስ። ሳይንስ የሚማር ወጣት ሕግን እንደ ባዕድ፣ ሕግ የሚማርም ሳይንስን እንደማይመለከተው ነገር አይቍጠር እንላለን። ባለቤቱ ሊያስከብረው ያልቻለ ዕውቀት በቀላሉ የሌላ ሰው ሀብት ይሆናልና።