ቢጫዋ መብራትና የጅግጅጋ መንገድ

በርበራ ወደብ ላይ ወርዶ፣ ሐርጌሳን አቋርጦ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ጅግጅጋ የደረሰ ያረጀ ቶዮታ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ቢበራ ማንም አይገረምም። «ቼክ ኢንጂን ነው፣ ይሄዳል» ይባላል። ይኬዳልም። መኪናው ድንበር ሲሻገር መብራቷም አብራው ተሻግራለች። ትርጉሟን የሚያስተምር ግን አብሮ አልመጣም።

የመብራቷ ታሪክ የሚጀምረው ከሎስ አንጀለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ከተማዋን ሲሸፍናት፣ የጃፓን የጋዝ ጥቃት የመሰላቸው ነዋሪዎች ነበሩ። ቆይቶ ትውልደ ኔዘርላንዳዊው ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ጥፋተኛው የመኪና ጭስና ፀሐይ መሆናቸውን አሳየ። ካሊፎርኒያ በጭስ ላይ ሕግ ስታወጣ ኖራ፣ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ የጭስ መቆጣጠሪያው ሲታወክ ራሱ እንዲናገር አስገደደች። ስለዚህ መብራቷ ከሹፌሩ ይልቅ ለአየሩ ጠበቃ እንድትሆን የተሠራች ናት። ዘይት ሲያልቅ የምትበራው ቀይ መብራት ሌላ ናት፤ ሁለቱን ማምታታት ሞተር ያስበላል።

በዚያው በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላን ደበደበ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ከጅግጅጋ ወዲያ ያለችው ሐርትሼክ በዓለም ካሉ ትልልቅ መጠለያዎች አንዷ ሆነች። ሐርትሼክ ውኃ የላትም። ከጀረር ሸለቆ በቦቴ ይመላለስላት ነበር። እነዚያ የናፍጣ መኪኖች ቢጫ መብራት አያውቁም፤ ሹፌሩ በጆሮውና በአፍንጫው ነው የሚመረምራቸው። የሙያው ቃላት እንኳ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ነው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ። እያንዳንዱ ብልሽት የራሱ ድምፅ ነበረው። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ2004 ቢዘጋም፣ ስደት ያፋፋው የድንበር ንግድ ግን ቀጠለ። ከጃፓንና ከባሕረ ሰላጤው ያገለገሉ፣ መሪያቸው በቀኝ የሆነ፣ ኮምፒውተር ያላቸው መኪኖችም በዚያው አቅጣጫ ይመጡ ጀመር።

የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ቶዮታዎች ምርመራ አንድ ቁራጭ ሽቦ ብቻ ነው የሚፈልገው። ኮፈኑ ሲከፈት «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ። በውስጡ ያሉት «ቲኢ1» እና «ኢ1» በሽቦ ይገናኛሉ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈታል። መብራቷ ሁለቴ ብልጭ ብላ፣ ቆም ብላ፣ አንዴ ብልጭ ካለች 21 ነው፤ የኦክስጅን ሴንሰር ወረዳ። 41 የስሮትል ሴንሰር ነው። ሳታቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለች ኮምፒውተሩ የመዘገበው ብልሽት የለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነሳ ነገር አለ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን በሙሉ የተሰናበቱት በ2006 መባቻ ነው። እርሳስ ደግሞ የኦክስጅን ሴንሰርን ይሸፍነዋል፣ ካታሊስቱን ይገድላል። ንጹሕ ቤንዚን ታስቦ የተሠራ ሴንሰር መርዝ እየጠጣ ሲሞት መብራቷ ብትጮህ እውነቷን ነበር። ሰው ግን «የኮምፒውተር መኪና ለእኛ አገር አይሆንም» አለና ሽቦ ቆረጠ፣ አምፖል ነቀለ።

ቀጥሎ ስካነር መጣ። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አንድ ዓይነት ሶኬትና አንድ ዓይነት ኮድ ለሁሉም መኪና ደነገገች፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚያነብ ርካሽ መሣሪያ የትም አለ። ጣጣው የጃፓን ሕግ በዚያን ጊዜ ያንን አለመጠየቁ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ የ1990ዎቹ መጨረሻ መኪና ሶኬቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ስካነሩ ላይገናኝ ይችላል። «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ተብሎ ይፈረድበታል። በብዙዎቹ ቶዮታዎች የሶኬቱን 4ኛና 13ኛ ቀዳዳ በሽቦ ቢያገናኙት ያው የድሮው ብልጭታ ይመለሳል።

ስካነሩ ሲያነብም ሌላ አደጋ አለ። «ፒ0171» ማለት ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ግን አይናገርም። የተሰነጠቀ የቫክዩም ጎማ፣ በጅላል አቧራ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ ሁሉም ያንኑ ኮድ ያወጣሉ። 21ም ቢሆን የሚጠቁመው ወረዳውን ነው፤ የተበጠሰ ሽቦም ሊሆን ይችላል። ኮድ የምስክር ቃል ነው፤ ፍርድ አይደለም። ባለመኪናው ግን ስልኩ ላይ የዕቃ ስም ስላየ ያንን ዕቃ ይገዛል፣ መብራቷ ከሳምንት በኋላ ትመለሳለች፣ ሌላ ዕቃ ይገዛል። በርካሽ ጎማ ፋንታ የወር ገቢ የሚሄደው እንዲህ ነው። ብልጭታ ይቆጥር የነበረው መካኒክ ከቁጥር በቀር የሚነግረው ስላልነበረ መልቲሜትሩን አንስቶ ሽቦውን ለመከተል ይገደድ ነበር። ያ ልማድ መጥፋቱ ከመሣሪያው ርካሽነት በላይ ያስከፍላል።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ከበድ ያለ ግብር አስከፈለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ሐሳቡ ለከተማ አየር ጥሩ ሊሆን ይችላል። አገር ውስጥ ያሉትን አሮጌዎች ግን አላጠፋቸውም፤ ዕድሜያቸውን አስረዘመው እንጂ። ተጠጋግነው ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ። ሻጭ ባትሪውን ለጥቂት ደቂቃ ነቅሎ ኮዱን ያጠፋዋል፤ መብራቷ የምትመለሰው ገዢው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን አምፖሏ የወጣባት መኪና ናት፤ እሷን ለመለየት ስካነርም አያስፈልግ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት ቢጫዋ መብራት መብራት አለባት። ካልበራች፣ ገዢው ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ምክንያቱን ይጠይቅ።