ስንት አሳለፈ? የወረዳን የትምህርት ውጤት ከሌሎች ጋር ማነጻጸር

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ማግሥት በገበያውም፣ በዕድሩም፣ በሻይ ቤቱም አንድ ጥያቄ ይዞራል፤ «የእኛ ወረዳ ስንት አሳለፈ?» የሚል። መልሱ ብዙ ጊዜ በአንዲት ቁጥር ያልቃል። ቁጥሯ ከጎረቤት ወረዳ ከበለጠች መምህራኑ ይመሰገናሉ፤ ካነሰች ርእሰ መምህሩ ይወቀሳል። አቅም ያለው ወላጅም ልጁን ወደ ከተማ ለመላክ የኪራይ ክፍል ማፈላለግ ይጀምራል። ይህን ያህል ውሳኔ የምታስከትለው ቁጥር እንዴት እንደተገኘች ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከአገር አቀፉ ውጤት መጀመር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ጀምሮ ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ ዓላማው ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን መግታት ነበር። የማለፊያ ነጥቡም 50 በመቶ ሆነ። ከዚያ በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው መቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ የሚወሰን ነበር። ስለዚህ «ድሮ ይህን ያህል ያሳልፍ የነበረ ትምህርት ቤት ዛሬ ወደቀ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ መመዘኛዎችን እንደ አንድ የሚቆጥር ነው።

በዚያ የትምህርት ዘመን ፈተና ውጤታቸው ከተገለጸው 896 ሺህ 520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም ወደ 3.2 በመቶ ዝቅ አለ። በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ደረሰ፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ከ585 ሺህ 882 ተፈታኞች 48 ሺህ 929ኙ በማለፋቸው 8.4 በመቶ ሆነ።

በመቶኛው ሲታይ ውጤቱ በሦስት ዓመት ከእጥፍ በላይ አድጓል። ያለፉት ተማሪዎች በ19 ሺህ ገደማ መጨመራቸው እውነተኛ ለውጥ ነው። ይሁንና በዚሁ ጊዜ የተፈታኙ ቁጥር ከ310 ሺህ በላይ ቀንሷል። በ2017 ዓ.ም ያለፉት ተማሪዎች ለ2014 ዓ.ም የተፈታኝ ቁጥር ቢካፈሉ ኖሮ መቶኛው 5.5 አካባቢ ይሆን ነበር። ለፈተና ያልቀረበ ተማሪ እንደ ወደቀም እንደ አለፈም አይቆጠርም፤ ከሒሳቡ ይወጣል። በአማራ ክልል በጸጥታው ችግር ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ተማሪዎችም ለፈተና ሳይቀመጡ ቀርተዋል። ግማሽ ተማሪዎቹ ከገበታ የተለዩበት ወረዳ የቀሩትን አስፈትኖ ከፍ ያለ መቶኛ ቢያስመዘግብ፣ ሁሉንም ይዞ ካስፈተነው ወረዳ የተሻለ ነው ለማለት አያስችልም።

የተፈታኞች ማነስ በትንንሽ ትምህርት ቤቶችም ላይ ሌላ ችግር ያመጣል። አንድ ትምህርት ቤት 400 ተማሪዎች አስፈትኖ 20 ቢያሳልፍ፣ ሌላው ደግሞ 40 አስፈትኖ አራት ቢያሳልፍ፣ የመጀመሪያው 5 በመቶ፣ ሁለተኛው 10 በመቶ ይሆናል። በትንሹ ትምህርት ቤት ግን አንድ ተማሪ በታመመ ወይም አንድ ተማሪ በጎበዘ ቁጥር መቶኛው በ2.5 ይወርዳል ወይም ይወጣል። የአንድ ዓመት ውጤት እንዲህ ባለ ቦታ የዕድልን ያህል እንጂ የትምህርት ቤቱን ያህል አይናገርም። በ2015 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ 1 ሺህ 328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእነዚህ መካከል ጥቂት ተማሪዎችን ብቻ ያስፈተነውንና መቶዎችን ያስፈተነውን በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። የሦስትና የአራት ዓመት ውጤት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው ሥዕሉ የሚጠራው።

በገጠርና በከተማ መካከል ያለው ንጽጽር ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የሚያሳስት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው የሌለው የገጠር ልጅ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ዞኑ ከተማ ይወጣል። ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። እንጀራው፣ ቆሎው፣ ሽሮውና በርበሬው በገበያ ቀን ከቤተሰብ ይላክለታል፤ ስንቁ ባለቀበት ሳምንት በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በአጨዳ ወቅትም ቤተሰቡን ለማገዝ ከክፍል ይቀራል። እስከ 8ኛ ክፍል ያስተማረው የቀበሌው ትምህርት ቤት ሲሆን፣ 12ኛ ክፍልን ካለፈ ውጤቱ የሚመዘገበው ለፈተና ላስቀመጠው የከተማ ትምህርት ቤት ነው። ካቋረጠም የሚመዘገበው እዚያው ነው። ከፊሉ የከተማ ውጤት በገጠር መምህራን ድካም የተገኘ ነው፤ ይህን ለይቶ የሚያሳይ የውጤት ሰንጠረዥ ግን በሕዝብ ዘንድ እምብዛም አይታይም። ተማሪዎቻቸውን አስቀድመው በፈተና መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ያስፈተኗቸውን በሙሉ ቢያሳልፉ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ በሩን ለሁሉም ከከፈተ መደበኛ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ መስመር መሰለፍ የለባቸውም።

ወረዳን ከወረዳ ለማነጻጸር የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የተሻለ መነሻ ነው። ፈተናው በክልሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ልጆቹም በአብዛኛው ከመኖሪያቸው ብዙ አልራቁም። ከሌላ ክልል ጋር ለማወዳደር ግን አያገለግልም፤ እያንዳንዱ ክልል የራሱን ፈተና ያዘጋጃልና።

ከፈተናው ውጭ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ሌላው መለኪያ የተሳትፎ ምጣኔ ነው። ጥቅል ምጣኔው በማንኛውም ዕድሜ የተመዘገቡትን ሁሉ ለትምህርት ዕድሜው ለደረሰው ሕዝብ በማካፈል ይገኛል፤ ዘግይተው የገቡ ልጆች ስለሚደመሩበት ከ100 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። በስብሰባ ላይ «የወረዳችን ተሳትፎ 105 በመቶ ደርሷል» ሲባል፣ ከቤት የቀረ ልጅ የለም ማለት አይደለም። የተጣራው ምጣኔ ግን በትክክለኛው ዕድሜ የገቡትን ብቻ ይቆጥራል። ሁለቱም የሚካፈሉበት የሕዝብ ቁጥር በ1999 ዓ.ም ከተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተነስቶ የተገመተ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ብዙ ወረዳዎች ተከፍለዋል፣ ከተሞች ሰፍተዋል፣ ሰውም ተፈናቅሏል። በመሆኑም የሁለት ወረዳዎች ልዩነት ጥቂት ነጥብ ብቻ ከሆነ ክርክር የሚያስነሳ አይደለም። ከዚህ ይልቅ በመስከረም የተመዘገበውንና በሰኔ ክፍል ውስጥ የተገኘውን ተማሪ ማስተያየት ለማንም የሚገባ ሒሳብ ነው።

ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚለካው በኢንስፔክሽን ነው። ምዘናው 26 ስታንዳርዶች ያሉት ሲሆን፣ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ አንድ፣ እስከ 70 የደረሰ ደረጃ ሁለት፣ እስከ 90 ደረጃ ሦስት፣ ከዚያ በላይ ደረጃ አራት ይባላል። ደረጃ አንድና ሁለት ከስታንዳርድ በታች ናቸው። የትምህርት ሚኒስቴር ይፋ ባደረገው መረጃ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ80 በመቶ የሚበልጡት፣ ከሁለተኛ ደረጃዎቹም 70 በመቶ ያህሉ በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም የተነሳው ከዚህ ነው። በአማራ ክልል በጦርነቱ የተጎዱ አካባቢዎች ሁኔታ ለብቻው መታየት አለበት፤ መቀመጫው፣ ቤተ ሙከራውና መጽሐፉ የወደመበት ትምህርት ቤት በግብዓት ዝቅ ቢል የመምህራኑን ትጋት አያሳይም። ለዚህም ነው ከጠቅላላው ደረጃ ይልቅ ሦስቱን ክፍሎች ለየብቻ መመልከት የሚጠቅመው።

የወረዳ በጀት ከክልሉ በቀመር የሚደለደል ሲሆን፣ ለትምህርት የሚውለው መደበኛ በጀት አብዛኛው በመምህራን ደመወዝ ያልቃል። ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ፣ ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ቀሪው በትምህርት ቤት ድጎማና ኅብረተሰቡ በሚያዋጣው ድንጋይ፣ እንጨት፣ ጉልበትና ገንዘብ ይሸፈናል። በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ተማሪዎች በአንደኛ ደረጃ ከ50፣ በሁለተኛ ደረጃ ከ40 እንዳይበልጡ የወጣው መለኪያ በብዙ ቦታ የማይጠበቀውም ከዚህ የተነሳ ነው።

እነዚህን አኃዞች ለማየት ወላጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የወላጅ መምህር ኅብረት በሚጠራው ስብሰባ ላይ የኢንስፔክሽኑን ውጤት፣ የተመዘገበውንና ያቋረጠውን ተማሪ ቁጥር፣ የሦስት ዓመቱን የ8ኛ ክፍል ውጤት መጠየቅ ይችላል። ከሁሉ የቀለለው ሙከራ ግን በቤት ውስጥ የሚደረገው ነው። በ2002 ዓ.ም በኢትዮጵያ በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የ12ኛ ክፍል ውጤት እስኪመጣ ዐሥር ዓመት መጠበቅ አያሻም፤ ልጁን አስቀምጦ ከአማርኛ መጽሐፉ አንድ ገጽ ማስነበብ፣ ከዚያም ያነበበውን እንዲያወራ መጠየቅ ይበቃል። ማንበብ የማይችለው ወላጅም ቢሆን ታላቅ እኅቱን ወይም ወንድሙን አጠገቡ አስቀምጦ ማድመጥ ይችላል።