ዕጣና ተራ በአራዳ

ዶሮ ማነቂያ በፒያሳ ጉያ ተሸሽጋ የኖረች ጠባብ ሰፈር ብትሆንም ታሪኳ ከአራዳ ገበያ ታሪክ ተለይቶ አይነገርም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋው ያ ታላቅ ገበያ፣ አሞሌ ጨውና ማርያ ቴሬዛ ብር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩበት፣ የነጋድራሱም ሹማምንት ቀረጥ የሚቀበሉበት የመዲናይቱ ልብ ነበረ፤ ኋላም ጣልያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ሲያቋቁም፣ አራዳ ፒያሳ ተብሎ የሱቅ፣ የሲኒማና የመጠጥ ቤት ሰፈር ሆኖ ቀረ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በከተማይቱ ቢከፈትም፣ መያዣ የሌላት ጠላ ሻጭ፣ በትከሻው ጨርቅ አንግቶ የሚዞር ነጋዴ ወይም ከአንድ መርፌ በቀር ሀብት የሌለው ሰፊ ወደ ደጁ የሚያስቀርብ ነገር አልነበረውም። ለእንዲህ ያለው ሰው መጠጊያው እቁብ ሆነ።

የእቁብ ሥርዓት ለተመልካች ቀላል፣ ለመርማሪ ግን ጥልቅ ነው። ሃያ ሰዎች በዳኛ፣ በጸሐፊና በገንዘብ ያዥ ሥር ተሰብስበው በየሳምንቱ እኩል ገንዘብ ይጥላሉ እንበል፤ ስማቸው በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በባርኔጣ ወይም በጣሳ ተነቅንቆ አንዱ ይወጣል፤ ስሙ የወጣለትም ሰው ዋስ ጠርቶ፣ እቁቡ እስኪያልቅ ድረስ ሊጥል ፈርሞ፣ የሃያውን ሰው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሄዳል። ብጣሹ ግን ወደ ጣሳው አይመለስም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዐሥራ ዘጠኝ ስም፣ በሦስተኛው ዐሥራ ስምንት ይቀራል፤ ያልደረሰውም ሰው ባጣ ቁጥር የመድረስ ተስፋው እየሰፋ ይሄዳል እንጂ አይጠብም። ሐዘን ወይም ሕመም የደረሰበት እቁብተኛ ቢኖር ማኅበሩ ተማክሮ ያስቀድመዋል፤ የቸኮለም ለባለ ዕጣው ጥቂት ጨምሮ ዕጣውን ይገዛል። የሥርዓቱ የመጀመሪያ ምስጢር ይህ ነው፤ ዕጣው ማን እንደሚቀድም ይወስናል እንጂ ማን እንደሚቀር አይወስንም።

ይህን የመሰለው ዕጣ በአገራችን ሥር ያለው መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በሰሜን ኢትዮጵያ የርስት መሬት በተወላጆች መካከል ሲደለደል፣ ለሙና ጭንጫው በአድልዎ እንዳይከፈል ሽማግሌዎች ዕጣ ያስጥሉ ነበር። በአንጻሩ ደግሞ በቀራንዮ ጭፍሮች በጌታ ልብስ ላይ የተጣጣሉት ዕጣ አለ፤ ቀሚሱ እንዳይቀደድ ሲባል አንዱ ሙሉውን ይዞ ሌሎቹ ከቀሚሱ ምንም ያላገኙበት ነው። ሁለቱም በስም ዕጣ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ለእያንዳንዱ ድርሻውን ያስይዛል፣ ሁለተኛው ከአንዱ በቀር ሁሉን ያስቀራል።

በ1954 ዓ.ም. የብሔራዊ ሎተሪ ሲቋቋም ይህ ሁለተኛው ዓይነት ዕጣ በመንግሥት ስም ወደ አደባባይ ወጣ፤ የፒያሳ ጐዳናዎችም ዝሆንና ቶምቦላ፣ በዘመን መለወጫም እንቁጣጣሽ ሎተሪ እያሉ በሚጠሩ ሻጮች ድምፅ ተሞሉ። ሆኖም የሎተሪ ገዢ ሲያጣ ብዙ አይቆጣም፤ አንድ ጊዜ ከፍሎ አንድ ጊዜ አጥቷልና፣ በቲኬቱም ላይ ከሳንቲሙ በቀር ያፈሰሰው ላብ የለምና። ቁጣ የሚወለደው ሰው እንደ እቁብተኛ በየወሩ እየጣለ እንደ ሎተሪ ገዢ ሲቀር ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆነው የባሕር ማዶው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኤቨርክዌስት፣ በ2004 ደግሞ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባሉት የኦንላይን ጨዋታዎች ሲወጡ፣ ተጫዋቹ በየወሩ ክፍያ እየከፈለ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ጭፍራ ሠርቶ፣ አርባ ያህል ሆነው ለሰዓታት ከአንድ ዘንዶ ወይም ከአንድ ግዙፍ አውሬ ጋር ይዋጋ ነበር፤ አውሬው ሲወድቅ ግን ለአርባው የሚጥለው ምርኮ ጥቂት ነው፤ እርሱም የትኛው ሰይፍ፣ የትኛው ጥሩር እንደሚሆን ማሽኑ በዕጣ ይወስነዋል። አንድ ዕቃ ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወድቅ ተደርጎ ቢሠራ፣ መቶ ጊዜ የተዋጋ ሰው በእርግጥ ያገኘዋል ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል፤ በስሌቱ ከመቶ ተጫዋቾች 37ቱ ያህል ከመቶ ውጊያ በኋላም ባዶ እጃቸውን ናቸው፣ መቶ አንደኛውም ውጊያ ከፊተኛው አንዳች የተሻለ ተስፋ አይሰጣቸውም። የሃያ ሰው እቁብም የወጣውን ብጣሽ በየሳምንቱ ወደ ጣሳው ቢመልስ ኖሮ፣ ከሃያ ሳምንት በኋላ ሰባቱ ያህል እየጣሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደርሳቸው በቀሩ ነበር። እንዲህ ያለውን እቁብ የአራዳ ሰው አንድ ወር አይታገሠውም።

ተጫዋቾቹም አልታገሡም። እ.ኤ.አ. በ1999 የኤቨርክዌስት ማኅበርተኞች፣ እቁብ የሚባል ነገር ሰምተው ሳይሆን በደል አስተምሯቸው፣ በውጊያ የተገኘ ሁሉ ነጥብ የሚቆጠርለትን፣ ምርኮም የወሰደ ከነጥቡ የሚቀነስበትን መዝገብ ፈጠሩ፤ ስሙንም የዘንዶ መግደያ ነጥብ አሉት። የማሽኑን ዕጣ መለወጥ ባይችሉ፣ የወደቀውን ዕቃ ማን እንደሚወስድ ግን በተራ አደረጉት። በዚህም የእቁብን ግማሽ መንገድ ሄዱ፤ የቀረባቸው ዋስ ነው፣ ምርኮውን ይዞ ማኅበሩን የሚከዳ ተጫዋች የሚጠየቅበት ጎረቤት የለውምና።

የማሽን ዕጣ ግን ከጨዋታ አልፎ ወደ መኖሪያ ቤታችንም ገብቷል። አዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤት ፈላጊዎችን ስትመዘግብ ከ450 ሺህ በላይ ሕዝብ ስሙን አስመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ዳግም ምዝገባም 10/90፣ 20/80ና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች የተመዘገበው ሰው በየወሩ እየቆጠበ ዕጣውን እንዲጠብቅ ተደረገ። በመሠረቱ ይህ ታላቅ እቁብ ነው፤ የደረሰው ከመዝገብ ይወጣል፣ ያልደረሰው ይጠብቃል። ነገር ግን ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች በኮምፒውተር የወጣው ዕጣ፣ ለመወዳደር የሚያበቃ ቁጠባ የሌላቸው ሰዎች ስም ጭምር በመረጃው ውስጥ መግባቱ ስለ ታወቀ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ወጣ። ይህም የጣሳውን ሁለተኛ ምስጢር ገለጠ፤ እቁብተኛ ጸሐፊውን የሚያምነው ብጣሾቹን ስለሚቆጥር ነው። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 የጨዋታ ኩባንያዎች የዕጣቸውን ዕድል በቁጥር እንዲገልጹ ያስገደደው በዚሁ አሳብ ነበር።

እቁብም ነቀፋ የለበትም አይባልም። መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ለመጀመሪያው ያለ ወለድ አበዳሪ ነው፣ ገንዘብም ዋጋ በሚያጣበት ዘመን ኪሣራው ይሰማዋል፤ ሥርዓቱ ጸንቶ የሚቆመው ደግሞ ሰዎች ተዋውቀው በሚኖሩበት ሰፈር ነው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ሥራ ስትፈርስና ነዋሪዋ ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ሲዛወር፣ ከቤቱ ጋር የፈረሰው አንዱ ነገር ይህ የመተዋወቅ ዋስትና ነው፤ ዋስ የሚጠራው ከደጃፍ ነበርና።

ስለዚህ በየወሩ እያስከፈለ በዕጣ የሚያከፋፍል ሁሉ፣ ጨዋታ ሠሪም ይሁን የከተማ አስተዳደር፣ ከአራዳ እቁብተኛ ሁለት ሕግ ሊማር ይገባዋል፤ የደረሰውን ስም ከጣሳው ማውጣትን፣ ጣሳውንም በጣዮቹ ፊት መክፈትን። እነዚህን ሁለቱን ማድረግ የማይወድ ቢኖር፣ የሎተሪ ቲኬት እየሸጠ መሆኑን ተናግሮ እንደ ሎተሪ ሻጭ አንድ ጊዜ ብቻ ያስከፍል።