ሐኪሙ፣ ነዳፊውና ዓረቦኑ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ከሙያሽ ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ስለ ሐኪሞች እንደምጽፍ አስበው ይሆናል። ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ አርክቴክቶችና ስለ መሐንዲሶች ነው። ከሕንፃ ጋር ያለኝ ዝምድና የኪራይ ቤቴ ጣሪያ ሲያፈስ አከራዬ ጋ ከመደወል አያልፍም። ግን በምሠራበት ሆስፒታል የሐኪሞችን የሙያ ኃላፊነት መድን የሚያጠና ኮሚቴ ውስጥ ከገባሁ ወዲህ፣ ስለ ነገሩ ባነበብኩ ቁጥር የሕንፃ ነዳፊዎች ታሪክ እየጎተተ ይወስደኛል። ከልደታ ሕንፃ ኮሌጅ የወጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ብዙውን ታውቁታላችሁ፤ የምጽፈው ለሌሎቻችን ነው።

ሁለቱ ሙያዎች ጎረቤት የሆኑት ዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ያስቀረጸው ሕግ (ድንጋዩ ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል) ስለ ሐኪም ተናግሮ ጥቂት አንቀጾች እንዳለፈ ስለ ቤት ሠሪ ይናገራል። ሐኪም በነሐስ ምላጭ ቀዶ አንድ ጨዋ ሰው ከገደለ እጁ ይቆረጥ ይላል። ግንበኛ የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን ከገደለ ግንበኛው ይሙት፤ የባለቤቱን ልጅ ከገደለ የግንበኛው ልጅ ይሙት። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፦ የፈረሰው ቤት ንብረት ካጠፋ ግንበኛው የጠፋውን ይተካ፣ ቤቱንም በራሱ ወጪ መልሶ ይሥራ፤ ግድግዳው ካዘመመ በራሱ ገንዘብ ያጽና። ቅጣትና ጥገና ያኔም ጎን ለጎን ነበሩ ማለት ነው። ችግሩ፣ የሞተ ግንበኛ ያዘመመ ግድግዳ አያቃናም።

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1804 የናፖሊዮንን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲያወጡ ጥገናውን መረጡ። በአንቀጽ 1792፣ ሕንፃው በአሠራር ጉድለት ወይም በአፈሩ ምክንያት ከፈረሰ አርክቴክቱና ተቋራጩ ለ10 ዓመት ተጠያቂ ናቸው አሉ። «አፈሩ ነው የከዳኝ» ብሎ ማምለጥ የለም። ይህች የ10 ዓመት ነገር እኛም ቤት ገብታለች። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ በአንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩ ለሕንፃው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ተደነገገ። በዚያው ሕግ አንቀጽ 2031 ደግሞ ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። ይህ አንቀጽ እኔንም አርክቴክቱንም በአንድ ብርድ ልብስ ያስተኛናል።

ታዲያ ኃላፊነቱ በሕግ ከተጻፈ በኋላ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አንድ አርክቴክት የሚያገኘው የንድፍ ክፍያ ከሕንፃው ዋጋ ትንሽ መቶኛ ነው። ሕንፃው ሲበላሽ የሚጠየቀው ግን ስለ ሕንፃው ሁሉ ነው፤ ቤቱንና መኪናውን ቢሸጥ አይሞላም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1957 ሺነረር የተባለ ድርጅት ከሲኤንኤ የመድን ኩባንያ ጋር ሆኖ ለአርክቴክቶችና ለመሐንዲሶች የተዘጋጀ የሙያ ኃላፊነት መድን አቀረበ። ያው ዕድር በሉት፦ ሁሉም በየዓመቱ ዓረቦኑን ያዋጣል፣ አደጋ የደረሰበት ይከፈልለታል። ልዩነቱ፣ ዕድር ሟቹ እንዴት እንደ ሞተ አይጠይቅም፤ መድን ሰጪ ይጠይቃል። የሚሸፍነው ደግሞ አንድ ጠንቃቃ ባለሙያ ሊያደርገው ይገባ የነበረውን ጥንቃቄ ማጉደልን እንጂ ሆን ተብሎ የተሠራ ማጭበርበርን አይደለም። «እንከን የማይወጣለት ሕንፃ እሠራልሃለሁ» ብሎ በውል የፈረመ አርክቴክትም ብዙውን ጊዜ ለዚያ ተስፋው ሽፋን አያገኝም። «አድንሃለሁ» ብሎ ለበሽተኛ ቃል የሚገባ ሐኪም ካለ ይህን ልብ ይበል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) በአሜሪካ የአፈርና የመሠረት መሐንዲሶች ከክስ ብዛት የተነሣ መድን የሚሸጥላቸው አጡ። በ1969 ተሰባስበው የራሳቸውን ማኅበርና የራሳቸውን መድን ሰጪ አቋቋሙ። ገንዘቡ የራሳቸው ስለሆነ የአንዱ ስህተት የሁሉም ኪስ ጉዳይ ሆነ። አንዱ ቢሮ የሌላውን አሠራር መገምገም፣ የደረሰውን ጥፋት እየዘረዘሩ መማማር፣ ውሎቻቸውን ማስተካከል ጀመሩ። እኛ ሐኪሞች የሞተ በሽተኛን ፋይል ከፍተን ከምናደርገው ውይይት ጋር ተመሳሳይ ነው። እነሱን ያሰባሰባቸው ዓረቦን መሆኑ ግን ደስ ይለኛል፤ ሁሌ በጎነትን መጠበቅ ያደክማል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የተጠናቀቀው የሲቲኮርፕ ሕንፃ 59 ፎቅ ነው። በመሬቱ ጥግ ላይ ቤተ ክርስቲያን ስለነበረ፣ ሕንፃው በአራቱ ማዕዘኖች ላይ መቆም ቀርቶ በእያንዳንዱ ጎን መሐል ላይ፣ ዘጠኝ ፎቅ በሚያህሉ እግሮች ላይ ቆመ። አርክቴክቱ ሂው ስታቢንስ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ ዊልያም ለሜዠሪየር ነበሩ። በ1978 ከአንድ ተማሪ የመጣ ጥያቄ መሐንዲሱን ስሌቱን መልሶ እንዲያይ አደረገው። ነፋሱ ፊት ለፊት ሳይሆን በማዕዘን በኩል ሲመጣ በአንዳንዶቹ ሰያፍ ብረቶች ላይ ያለው ጫና በ40 በመቶ ይጨምራል። በዚያ ላይ መጋጠሚያዎቹ በብየዳ እንዲያያዙ ታስቦ የነበረው፣ በግንባታው ወቅት በቡሎን ተተክቷል፤ እዚያ ላይ ጭማሪው 160 በመቶ ደረሰ። የሕንፃውን መወዛወዝ የሚቀንሰው 400 ቶን ግዑዝ መብራት ጠፍቶ ቢቆም፣ በአማካይ በ16 ዓመት አንዴ የሚመጣ ማዕበል ሕንፃውን ሊጥለው እንደሚችል አሰላ።

ለሜዠሪየር በኋላ እንደ ተናገረው፣ ዝም ማለትንም ራሱን ማጥፋትንም አስቦ ነበር። ይህን ሳነብ የራሴ ሙያ ሰዎች ፊት ታየኝ፤ በሌሊት ተረኛነት የደረሰ ስህተት ሐኪምን ምን እንደሚያደርገው እናውቃለን። ሰውየው ግን ስልክ አነሣ። መጀመሪያ ከደወለላቸው መካከል የአርክቴክቱ ቢሮ ጠበቃና የራሱ መድን ሰጪ ይገኙበታል። የመድን ድርጅቱ ጠበቆች ሰሙት፣ ሌላ መሐንዲስ አስገመገሙ፤ ከዚያ ወደ ባንኩ ኃላፊዎች ሄደ። በዚያው ክረምት በየሌሊቱ ከ200 በላይ መጋጠሚያዎች ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው የብረት ሳህኖች ተበየዱ። ሥራው ሳያልቅ ኤላ የተባለው አውሎ ነፋስ በባሕሩ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ እግዜር ይመስገን ወደ ሌላ ዞረ። ወጪው ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ባንኩ ከመድኑ 2 ሚሊዮን ተቀብሎ ክሱን ተወ። መድን ሰጪው በሚቀጥለው ውል ዓረቦኑን ሊጨምርበት ይችል ነበር። ቀነሰለት። አደጋው ከመድረሱ በፊት የነገራቸው ሰው ከጠየቃቸው ገንዘብ ይልቅ ያተረፈላቸው ይበልጣል ብለው ነው።

ይህን እስከዚህ ድረስ እወደዋለሁ። ቀሪው ግን አይዋጥልኝም። በሕንፃው ውስጥ የሚሠሩት፣ በአካባቢው የሚኖሩት ሰዎች ምንም አልተነገራቸውም። ጋዜጦቹም በዚያ ወር አድማ ላይ ነበሩ። ነገሩ በሰፊው የታወቀው በ1995 አንድ መጽሔት ሲጽፈው ነው፤ 17 ዓመት ማለት ነው። በሐኪም ቋንቋ፦ በሽታው ታውቆ ታከመ፣ ለቤተሰቡ ተነገረ፣ በሽተኛው ግን አልሰማም። የመድን ውሎች ራሳቸው እዚህ ላይ ሁለት ምላስ አላቸው። በአንድ በኩል «ችግር ካወቅህ ወዲያው አሳውቀኝ» ይላሉ፤ በሌላ በኩል «ያለ እኔ ፈቃድ ጥፋትህን ለማንም አትመን» የሚል አንቀጽ በብዙዎቹ ውስጥ አለ። ለሜዠሪየርን ያናገረው የመጀመሪያው አንቀጽ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው ዝም ያሰኛል።

በዚያው በ1978፣ ጥር ወር ላይ፣ ፈረንሳይ ስፒኔታ የተባለውን ሕግ አወጣች። የ10 ዓመቱን ኃላፊነት ሳይነካ መድኑን ግዴታ አደረገው፤ አሠሪውም የራሱን መድን ግንባታ ከመጀመሩ በፊት እንዲገባ አዘዘ። ጉድለት ሲገኝ ይህ የአሠሪው መድን በ60 ቀን ውስጥ አቋሙን ያሳውቃል፣ ሽፋኑ የሚመለከተው ከሆነ በ90 ቀን ውስጥ የካሣ ሐሳብ ያቀርባል። ቤቱ ይጠገናል፤ ማን አጠፋ የሚለውን የመድን ድርጅቶቹ በኋላ እርስ በርስ ይጨቃጨቁበታል። እኛ ከፈረንሳይ የ10 ዓመቱን ኃላፊነት የወሰድነው ይህ ከመምጣቱ 18 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ኃላፊነቱ መጣ፣ ካሣውን ቶሎ የሚያደርሰው መንገድ ግን አብሮት አልመጣም። የሙያ ኃላፊነት መድን የሚሸጡ ድርጅቶች ዛሬ በአገራችን አሉ፤ ውሉን አንብበው የሚፈርሙ ሐኪሞችና አርክቴክቶች ስንት ናቸው የሚለው ሌላ ነገር ነው።

የእኛ ኮሚቴ ሦስት ወር ሙሉ የተጨቃጨቀው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። እኛ ያረቀቅናት «ሐኪሙ የደረሰውን ነገር ለታካሚው ወይም ለቤተሰቡ መንገሩ ጥፋትን እንደ ማመን አይቆጠርበትም፣ ሽፋኑንም አያሳጣውም» ትላለች። የመድን ድርጅቱ የሕግ ባለሙያ ትውጣ ይላሉ። እኛ ደግሞ እሷ ከወጣች አንፈርምም ብለናል። ቀጣዩ ስብሰባ ለጥቅምት ተቀጥሯል፤ ከልደታ የወጣችሁና እንዲህ ያለ አንቀጽ በውላችሁ ያስገባችሁ ካላችሁ፣ በመሰባሰቢያው ቀን ምሳ ላይ ፈልጉኝ፤ ቅጂውን ብታመጡልኝ ደግሞ ምሳው በእኔ ነው።